ሄሊኮፕተር ባሕር መሐል ባለ የነዳጅ መድረክ ላይ ሲያርፍ ለምን ይወድቃል?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ባለቤቴ ስኮትላንድ፣ አበርዲን ሆኖ ሰሜን ባሕር ላይ ባለ የነዳጅ መድረክ የወጥ ቤት ሥራ አግኝቷል። የሚመላለሰው በሄሊኮፕተር ነው። ሲያርፉ የሚደርሱ አደጋዎችን ኢንተርኔት ላይ እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ። ጥፋቱ የአብራሪው ነው ወይስ የማሽኑ? እሱስ በበኩሉ ምን ማድረግ ይችላል? የቱ ወንበር ይሻላል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። ሥራው ጥሩ ነው፣ ደመወዙም አይታማም። ቪዲዮዎቹን ግን ለጊዜው ተያቸው፤ በሰላም ያረፈውን ማንም አይቀርጽም። እኔ ሥራዬ በእነዚህ መድረኮች ላይ ሄሊኮፕተር የሚያርፍባቸውን ቦታዎች መፈተሽ ነው፣ ሄሊዴክ ነው የምንላቸው። ስለዚህ «አብራሪው ወይስ ማሽኑ» ስትዪ ትንሽ ከነከነኝ። ሦስተኛውን ተጠርጣሪ ረስተሽዋል። የሚያርፍበት ቦታ ራሱስ? ዜናውም ሁሌ ይረሳዋል።

ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ መንገድ ላይ የሚደርሰውን አደጋ ከማረፊያው አደጋ እንለይ፣ ኢንተርኔቱ ሁሉንም አንድ ላይ ቀላቅሎ ነው የሚያቀርበው። ኤፕሪል 1 ቀን 2009 ከሚለር መድረክ ወደ አበርዲን እየተመለሰ የነበረ ሱፐር ፑማ የሚባል ሄሊኮፕተር ወድቆ 16 ሰዎች ሞቱ። ኤፕሪል 29 ቀን 2016 ኖርዌይ ውስጥ ቱሮይ የምትባል ደሴት አጠገብ የዚያው ቤተሰብ ሄሊኮፕተር ወድቆ 13 ሰዎች አለቁ። በሁለቱም ጊዜ ዋናው ጊርቦክስ ውስጥ ያለች አንዲት ማርሽ ተሰንጥቃ ተሰበረችና ላዩ ላይ የሚሽከረከረው ሮተር ከነጭራሹ ተነቅሎ ሄደ። እዚህ ላይ አብራሪ ምንም ማድረግ አይችልም። ይህ የማሽን ጉዳይ ነው። ከቱሮይ በኋላ ብሪታንያም ኖርዌይም ያንን ዓይነት ሄሊኮፕተር አገዱ፤ እገዳው በ2017 ቢነሳም ሠራተኛው ተመልሶ ሊሳፈርበት አልፈለገም። ባለቤትሽ የሚሳፈረው ኤስ-92 ወይም ኤደብሊው-139 ወይም ሌላ አዲስ ዓይነት ነው የሚሆነው። ይህን በዚሁ እንለፈው።

ማረፍ ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ ደህና፣ አብራሪዎቹም ልምድ ያላቸው ሆነው ሳለ ነገር ሊበላሽ ይችላል። ቦታው ጠባብ ነው። የሄሊዴክ ስፋት የሚወሰነው በሄሊኮፕተሩ ርዝመት ነው፤ ሮተሩ እየዞረ ከፊት ጫፉ እስከ ኋላ ጫፉ ይለካና ሄሊዴኩ ቢያንስ ያንን ያህል ይሁን ይባላል። ለኤስ-92 20.88 ሜትር ነው። ለክፉ ቀን የሚተርፍ ሰፊ ሜዳ የለም። ከዳሩ ቀጥሎ መረብ አለ፣ ከመረቡ በታች ባሕር ነው። በዙሪያው ካለው ክብ 210 ዲግሪው ሄሊኮፕተር ከሚያደናቅፍ ነገር ነጻ መሆን አለበት። በቀረው 150 ዲግሪ በኩል ግን ክሬኑም፣ ማማውም፣ ጭስ ማውጫውም ተደርድሯል። የከፍታ ገደብ አለው፣ ቢሆንም እዚያው ነው ያለው።

አሁን ነፋሱን ጨምሪበት። ሄሊኮፕተር ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ማረፍ ይፈልጋል። ብረቱ ቦታውን አይቀይርም፣ ነፋሱ ግን በየሰዓቱ ይቀይራል። አንዳንድ ቀን ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ አብራሪውን ወደ ክሬኑ ጎን ያስጠጋዋል፣ ወይም አፍንጫውን ወደ ክፍቱ በኩል አዙሮ ጭራውን ወደ ብረቱ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ጭራውን ደግሞ አያይም። ከኋላው የሚያይበት ዓይን የለውም።

ጁላይ 25 ቀን 1990 ብሬንት ስፓር ላይ የሆነው ይህ ነው። ብሬንት ስፓር ያ በ1995 ግሪንፒስ ወጥቶበት ዓለምን ያነጋገረው የሼል ነዳጅ ማከማቻ ነው፤ ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን ግን ብዙ ሰው አያስታውስም። አንድ ኤስ-61 ሄሊኮፕተር 13 ሰው ይዞ ለማረፍ ቦታውን እያስተካከለ ሳለ የጭራው ሮተር ክሬኑ አናት ላይ ያለ የብረት መከላከያ መታ። ከዚያ ማሽኑ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ሄሊዴኩ ላይ ወደቀ፣ ተንከባሎም ባሕር ገባ። 6 ሰዎች ሞቱ። «የአብራሪ ስህተት» ማለት ይቻላል፣ ቀላል ነው። እኔ ግን ሁሌ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ያ ክሬን ሄሊኮፕተር ጭራውን የሚያዞርበት ቦታ ላይ ምን ይሠራል?

በዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልደብቅ ልንገርሽ። የማረፊያ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው መድረኩ ወረቀት ላይ ሲነደፍ ነው። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ ቁፋሮውን ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ተርባይኖቹን፣ ክሬኖቹን፣ የመኝታ ክፍሎቹን፤ ሄሊዴኩ የተረፈው ጥግ ላይ ይደረግና ችግሩ ሁሉ ለፓይለቱ ይተላለፋል። እሱ ደግሞ በነፋስና በጨለማ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ፣ እነሱ በዓመታት ያልፈቱትን እንዲፈታ ይጠበቃል።

ክሬን ቢያንስ ይታያል። የማይታየው ሙቅ አየር ነው። መድረኩ መብራቱን የሚያገኘው ከጋዝ ተርባይን ነው፣ የተርባይኑ ጭስ ማውጫ ደግሞ የጋለ አየር ይተፋል። ነፋሱ ያንን ወደ ሄሊዴኩ ሲያመጣው ሄሊኮፕተሩ ድንገት ቀጭን አየር ውስጥ ይገባል። ቦሌ ላይ አውሮፕላኖች ለመነሳት ለምን ረጅም ማኮብኮቢያ እንደሚፈልጉ ሰምተሽ ታውቂ ይሆናል፣ ከፍታው አየሩን ስላሳሳው ነው። ሙቀትም አየሩን ያሳሳዋል። ሞተሩ ኃይል ይቀንሳል፣ ሮተሩም የሚይዘው አየር ያንሰዋል። ልዩነቱ ቦሌ ላይ አስቀድመው አስልተውት ይመጣሉ፤ እዚህ ግን ማረፊያው ጫፍ ላይ ደርሰሽ፣ ፍጥነትሽን ጨርሰሽ፣ ከፍተኛውን ኃይል በምትፈልጊባት ቅጽበት ነው የሚመጣብሽ። ለዚህ ነው በብሪታንያ መመሪያ መሠረት ሄሊዴኩ ላይ ያለው አየር ከአካባቢው 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ እንኳ በልጦ የሚሞቅ ከሆነ አብራሪዎቹ ማወቅ አለባቸው የሚባለው። ሁለት ዲግሪ! ለሰው ምንም አይደለም። አቡ ዳቢና ኳታር በኩል የምትሠሩ ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ እዚያ በበጋ መነሻው አየር ራሱ የጋለ ነው።

ከሙቅ አየር የባሰም አለ። መድረኮች አንዳንድ ጊዜ ያልተቃጠለ ጋዝ ወደ አየር ይለቃሉ። በ2011 እና በ2013 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሁለት ሄሊኮፕተሮች ከመድረክ ሲነሱ ሞተራቸው ሜቴን የሚባለውን ያንን ጋዝ ስቦ ድንገት ኃይል አጣ፣ ሁለቱም ውሃ ገቡ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2014 ስለዚሁ ጉዳይ ለብቻው ምክረ ሐሳብ አወጣ። ሜቴን ቀለም የለውም። አብራሪው መስኮት በማየት ሊያውቀው አይችልም። ጋዙን የሚለቀው ሰውዬ ነው ሬዲዮ አንስቶ ሊነግረው የሚገባው።

ሰው የማይኖርባቸው ትንንሽ መድረኮች ላይ ያለውን ችግር ብነግርሽ ትስቂያለሽ። የወፍ ኩስ ነው። ሄሊዴኩን ነጭ አድርጎ ምልክቶቹን ይሸፍናቸዋል፣ ያንሸራትታል፣ ሮተሩ ሲያናፍሰው ደግሞ አቧራው ዓይንና ሳንባ ውስጥ ይገባል። ባለቤትሽ ወጥ ቤት ባለበት ስለሚሠራ ይህ አያሳስበውም።

አሁን ወደ ጨለማው። ሌሊት ከቀን ጋር አንድ ሥራ አይደለም፣ እኔን ከጠየቅሽኝ ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2009 ምሽት ላይ አንድ ኢሲ-225 ሱፐር ፑማ 18 ሰው ጭኖ ኢታፕ ወደሚባል መድረክ እየቀረበ ነበር። ማሽኑ ምንም አልሆነም። አካባቢው ላይ ጉም ወይም ዝቅ ያለ ደመና ነበረ። አብራሪዎቹ የመድረኩን መብራት አይተው በዓይን ለማረፍ ቀረቡ። ሁለቱም ዓይናቸውን መብራቱ ላይ ተክለው ነበር፣ እና ወደ ባሕሩ እየወረዱ መሆኑን አንዳቸውም አላወቁም። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች ያወጡት ሪፖርት ፍርዱ ይኸው ነው፦ ስለ ቦታቸው የነበራቸው ግምት ስህተት ነበር፣ መሣሪያዎቹን የሚከታተል ሰውም አልነበረም።

እንዴት እንዲህ ይሆናል ትዪ ይሆናል። ጥቁር ሰማይ፣ ጥቁር ባሕር፣ መሐሉ ላይ ጉም ያደበዘዘው አንድ የመብራት ክምር። አድማስ የለም። ዓይን ከፍታን የሚገምተው ከሌላ ነገር ጋር እያነጻጸረ ነው፣ እዚያ ግን የሚያነጻጽርበት ነገር የለም። የውስጥ ጆሮም ይዋሻል፤ ፍጥነት ስትቀንሺ አፍንጫው ወደ ታች የደፋ ያስመስልብሻል፣ እጅም ሳይታወቀው ያንን የሌለ ነገር ሊያስተካክል ይሞክራል። ይህ ጀማሪ ስለሆነ የሚመጣ አይደለም፣ የሰው አካል እንዲህ ነው የተሠራው። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ አንዱ አብራሪ ወደ ውጭ ሲያይ ሌላው ከመሣሪያው ላይ ዓይኑን አይነቅልም።

ማሽኑስ አይጮህም ወይ? መጮህ ነበረበት። ከባሕሩ 100 ጫማ ላይ ሲደርስ በድምፅ የሚያስጠነቅቀው ሥርዓት ሳይናገር ቀረ፣ ሳይበላሽ አልቀረም። አብራሪዎቹ 150 ጫማ ላይ ሞልተውት የነበረውን ሌላውን ማስጠንቀቂያ ድምፁን ራሳቸው ዘግተውት ነበር። ይህን ሳነብ ሁሌ እናደዳለሁ፣ ግን በእነሱ ብቻ አይደለም፤ ሰው በየበረራው ያለ ምክንያት የሚጮህበትን ነገር ዝም ማሰኘቱ አይቀርም፣ ያንን አውቆ መንደፍ የነዳፊው ሥራ ነው።

ደስ የሚለው፣ 18ቱም ተረፉ። ተንሳፋፊዎቹ ተነፉ፣ ሄሊኮፕተሩ ሳይገለበጥ ቆየ፣ ሰዎቹ ወደ ጀልባዎቹ ወጡ። አንድ ጉድ ግን ታየ። ተሳፋሪዎቹ እጃቸው ላይ ያሰሩት ትንንሽ የቦታ ጠቋሚ መሣሪያ ነበራቸው፣ የእሱ ምልክት ከጀልባዎቹ ጋር የነበሩትን ጠንካራ ጠቋሚዎች ዝም እንዲሉ አደረጋቸው። ትንሹ ትልቁን አፈነው። ፈላጊዎቹ እነሱን ለማግኘት ተቸገሩ። ለደኅንነት ተብሎ የተጨመረ ዕቃ ሌላውን ሊያሰናክል ይችላል ብሎ ማንም አልሞከረውም ነበር።

ዲሴምበር 27 ቀን 2006 ሞርካም ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የሆነው ግን እንዲህ አላለቀም። እሱም ሌሊት ነው፣ አየሩም መጥፎ። ረዳት አብራሪው ወደ መድረኩ እየቀረበ ሳለ ሄሊኮፕተሩ ከእጁ ወጣበትና ዋናውን አብራሪ እንዲያግዘው ጠየቀው። ዋናው መቆጣጠሪያውን እስኪረከብ አራት ሰከንድ ያህል አለፈ። በደረቅ ምድር ላይ አራት ሰከንድ ምንም አይደለም። 7ቱም ሞቱ።

ለዚህ ነው መብራት የኔ ሙያ ዋና ነገር የሆነው። በድሮዎቹ መድረኮች ሄሊዴኩን ጠርዝ ላይ የተተከለ ባውዛ ያበራው ነበር። ባውዛው ዓይን ያጭበረብራል፣ ከሩቅ ደግሞ ሄሊዴኩ ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ነው የሚታየው። ዙሪያው ላይ የነበሩት ቢጫ መብራቶችም ከመድረኩ ሌሎች መቶ ቢጫ አምፖሎች አይለዩም ነበር። አሁን የዙሪያው መብራት አረንጓዴ ነው፤ አብራሪው የሚያርፍበት ቢጫ ክብና መሐሉ ላይ ያለው «ኤች» ራሳቸው በመብራት የተሠሩ ናቸው። አብራሪው ከሩቅ ሆኖ ክቡ ምን ያህል እንደተጨፈለቀ በማየት አቀራረቡ ዝቅ ወይም ከፍ ማለቱን ይገምታል። ይህን ለመቀየር ብዙ ዓመት ፈጀ፣ ርካሽ ነገር ሆኖ ሳለ።

ማሽንም ሄሊዴክ ላይ ሊከዳ ይችላል፣ ይህንም አልደብቅሽም። ዲሴምበር 28 ቀን 2016 አንድ ኤስ-92 ዌስት ፍራንክሊን መድረክ ላይ እያረፈ ሳለ የጭራው ሮተር መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለ ኩሽኔታ አለቀና ሄሊኮፕተሩ ሄሊዴኩ ላይ ተሽከረከረ፣ ጎማዎቹም ወለሉን እየቧጨሩ ሄዱ። ውስጡ 11 ሰው ነበር፣ ማንም አልተጎዳም። ትንሽ ራቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ከጠርዙ ይወርድ ነበር። የሚቆጨው ነገር፣ ሄሊኮፕተሩ ራሱ ንዝረቱን የሚመዘግብ ሥርዓት አለውና ችግሩ መረጃው ውስጥ ታይቶ ነበር፤ ከበረራው በፊት መረጃውን ያየው ዓይን አላስተዋለውም። ስለዚህ «ማሽን ነው» ከተባለም ከኋላው ሰው አለ።

አጭር በረራን አትናቁ የምለውም አለኝ። ማርች 14 ቀን 1992 ኮርሞራንት አልፋ ከሚባል መድረክ የተነሳ ሱፐር ፑማ የሚሄደው አጠገቡ ወደቆመ የመኝታ መርከብ ነበር፣ 200 ሜትር ያህል። ሌሊት ነው፣ በረዶ ይጥላል፣ ነፋሱ ማዕበል ነው። ተነስቶ ጀርባውን ለነፋሱ ሲሰጥ ፍጥነቱን አጣና ወረደ። ከ17ቱ 11 ሞቱ፤ ከሄሊኮፕተሩ ወጥተው ባሕሩ ላይ ያለቁም አሉበት። ድልድይ ሊሠራው የሚችለውን ርቀት በዚያ አየር በሄሊኮፕተር መሻገር ያስፈልግ ነበር ወይ? ከዚያ ወዲህ የነፋስና የማዕበል ገደብ ላይ ሰዎች ጠንከር ብለዋል።

እንግዲህ ወደ ባለቤትሽ። እሱ አብራሪውንም መድረኩንም አይመርጥም። የሱ ድርሻ ውሃው ውስጥ ያለችው አንድ ደቂቃ ነች።

ሄሊኮፕተር ከላይ ከባድ ነው፤ ሞተሩም ጊርቦክሱም አናቱ ላይ ነው። ውሃ ሲነካ መገልበጥ ይወዳል። ኦገስት 23 ቀን 2013 ሼትላንድ ውስጥ ወደ ሰምበርግ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቀርብ ፍጥነቱ ሳይታወቅ ወርዶ የወደቀው ሱፐር ፑማ ወዲያው ነው የተገለበጠው። 18 ሰዎች ነበሩ፣ 4 ሞቱ። ከዚያ በኋላ የብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በ2014 ብዙ ነገር ለወጠ። ባሕሩ ከተወሰነ በላይ ሲናወጥ በረራ የለም። ያኔ ውሃ ውስጥ የሚያገለግል ድንገተኛ መተንፈሻ ያላደረገ ሰው ከመስኮት ርቆ እንዳይቀመጥ ተከለከለ። ትከሻው በጣም ሰፊ የሆነ ሰው በሰፊው መስኮት አጠገብ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ትከሻውን ሲለኩት እንዳይገርመው።

የቱ ወንበር ይሻላል ላልሽው፦ ምርጫ ከሰጡት መስኮት ያለበት። ፊትም ሆነ ኋላ ብዙ አትጨነቁ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ መስኮቱ በየት በኩል እንደሚገፋ፣ የሚጎተት ገመድ ካለው የት እንደሆነ በእጁ ይንካው። ዓይኑን ጨፍኖ ይሞክረው፣ የሚስቅበት ካለ ይሳቅ። ተገልብጠሽ፣ ጨለማ ውስጥ፣ አፍንጫሽ ውሃ ገብቶበት ግራና ቀኝ ይጠፋሻል፤ ያኔ የምታውቂው ነገር አስቀድሞ እጅሽ የነካውን ብቻ ነው። ላይፍ ጃኬቱን ውስጥ ሆኖ አይንፋው፣ በፍጹም። ከተነፋ ወደ ላይ አንስቶ ይለጥፈዋል (ሄሊኮፕተሩ ተገልብጦ ሳለ ላይ ያለው ወለሉ ነው)፣ ከመስኮቱም አያወጣውም። ቀበቶውን የሚፈታው መስኮቱን ከገፋ በኋላ ነው፣ አንድ እጁ መስኮቱን ይዞ። የመተንፈሻውን ገለጻ ሲሰጡ ስልኩን ያስቀምጥ፤ ሰምበርግ ላይ ከተረፉት ውስጥ መተንፈሻቸው የራሱ አየር እንዳለው ያላወቁ ነበሩ።

ከመሄዱ በፊት ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ ሄሊኮፕተር በሚመስል ሳጥን ገልብጠው ያሠለጥኑታል። ዋና ባይችል እንኳ አይፍራ፣ ጠላቂዎች አጠገቡ አሉ። ግን አስቀድሞ አሠልጣኙን ይንገረው። ሐበሻ ሆነን ዋና አልችልም ማለት እናፍራለን፣ እዚያ ማፈር ዋጋ ያስከፍላል።

ክብደቱን ሲመዝኑት ደግሞ እውነቱን ይመዝኑት፤ ጃኬት ኪስ ውስጥ ዕቃ አይደብቅ። አንድ ሞተር ቢጠፋ ሄሊኮፕተሩ መነሳት ይችል እንደሆነ የሚሰላው በዚያ ቁጥር ነው። በርበሬና ድርቆሽ ትሞዪለት ይሆናል፣ አውቃለሁ፤ የሻንጣው ገደብ ትንሽ ነውና ድርቆሹን አስበልጪ፣ እሱ ቀላል ነው። ሲያርፉ ሮተሩ እየዞረ ነው የሚወርዱት፤ ኮፍያ በእጅ፣ የሄሊዴኩ ኃላፊ ምልክት ሳይሰጥ ከወንበር መነሳት የለም፣ ወደ ጭራው በኩል ደግሞ መቼም አይሄድም።

አንድ ነገር መጠየቅ ከቻለ፣ ክረምት ላይ የሚመላለሰው በቀን ነው ወይስ በማታ ብሎ ይጠይቅ። አበርዲን ውስጥ ዲሴምበር ላይ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማልና መልሱ «አንዳንዴ በማታ» ሊሆን ይችላል፤ ችግር አይደለም፣ ግን የማታውን መብራት ጉዳይ የደኅንነት ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ለመጠየቅ መብት አለው፣ የወጥ ቤት ሠራተኛም ቢሆን። የመድረኩን ስምና የሄሊኮፕተሩን ዓይነት ሲያውቅ ጻፊልኝ፣ ስለዚያኛው ለይቼ እነግርሻለሁ።